ያልመለስኩት ታብሌት

«እማማ ገላነሽ፣ ታብሌቱን ይመልሱ... አለዚያ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ።»

ርዕሰ መምህሩ በላቸው ነው። ደጄ ላይ ቆሞ።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጆቼ...

እኛ ያለነው ከወረታ ወረድ ብሎ፣ ሩዝ የምናመርትበት ፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ለትምህርት ቤታችን ታብሌት መጣ፤ የአራተኛ ክፍሏ መምህርት ይርጋለም ታስተምርበት ጀመር።

እዚያ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ መባ ከታብሌቱ የተማረችውን ይዛ መጥታ፣ «አያቴ፣ ስልክ ላይ የመጣ ወሬ ሁሉ እውነት አይደለም፤ መጀመሪያ ማን እንዳለው ጠይቂ» ትለኛለች። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ እንኳ ገባኝ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምቱ ትምህርቱን እንዳይረሱት ብላ መምህርቷ ታብሌቶቹን ለልጆቹ አስይዛ ላከቻቸው።

በላቸው ሰምቶ ተቆጣ። ሁሉም ተመልሶ መጋዘን ይቆለፍበት አለ። ጎረቤቱ ፈርቶ መለሰ።

እኔ ግን... ያን ቀን ደጄ ላይ ቆሞ ሲያስፈራራኝ፣ ለምን ይቆለፋል ብዬ ጠየቅሁት።

«የገበሬ ልጅ እጅ ጭቃ ነው፤ ያበላሹታል» አለኝ።

ጭቃ... የሚበላው ሩዝ ከየት የመጣ መስሎት ይሆን?

«ጭቃ ይታጠባል ልጄ። ፖሊስህን አምጣ፤ እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ» አልኩት።

ሄደ። እኔም አልመለስኩም። መባ የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ ታሳያቸው ጀመር።

ነሐሴ ላይ ሜዳው በውሃ ተሞላ። እንደ ልማዳችን እህሉን ቆጥ ላይ ሰቀልን፤ ታብሌቱንም አብረን።

የትምህርት ቤቱ መጋዘን ግን እንደተቆለፈ ነው። በላቸው ቁልፉን ኪሱ ከቶ ለእረፍት አገሩ ሄዷል...

ውሃው ሲሸሽ በሩ ተከፈተ። ከታብሌቶቹ አንድም የሚበራ የለም።

መስከረም ላይ በላቸው ሰው አስከትሎ ወደ ቤቴ ሲመጣ አየሁት። በቃ፣ ፖሊሱ መጣ ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ።

ፖሊስ አይደለም... ሽማግሌ ነው ይዞ የመጣው። ቄስ እንዳልካቸውን። ልጅ ለጋብቻ የሚጠይቅ ይመስላል።

«እማማ፣ ከወረዳ ጎብኚ ሊመጣ ነው። የተረፈው የእርስዎ ብቻ ነው...» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከዚያ በኋላ ቢሮዬ ቆልፌ በደንብ አስቀምጠዋለሁ።»

አሁንም ይቆልፋል እኮ!

«ጎብኚው ክፍል ገብቶ ልጆቹ እጅ ላይ ይየው። ቢሮህ ግን አይገባም» አልኩት።

ቄሱ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። በላቸውም... እሺ አለ።

ዛሬ ያ ታብሌት አራተኛ ክፍል ውስጥ ከእጅ እጅ ይዞራል። ጥጉ ተሰንጥቋል። ይሠራል።

ተቆልፎ ከሚበሰብስ፣ ልጅ እጅ ላይ ይሰንጠቅ። እኔ የማውቀው ይሄን ነው።

እናንተስ ጋ... ለልጆች መጥቶ የተቆለፈበት ምን ዕቃ አለ? ጻፉት፤ መባ ታነብልኛለች።