ለሙት ዓመት የታዘዘ ሥዕል

ሴትየዋ የሟች ባሏን መልክ በዘይት ቀለም ያሳለችው ለሙት ዓመቱ ነው። አንዴ ከንፈሩ ሳሳ፣ አንዴ ዓይኑ ደግ ሆነ እያለች ስለምትመልሰው ሠዓሊው ፊቱን ደጋግሞ ፍቆ ሠርቶታል። ወገቡ አልቋል፤ የቀለም ማቅጠኛው የተርፔንታይን ሽታ ራሱን ያዞረዋል።

ዛሬ ሸራውን ወደ መስኮቱ አዞረላት። ጉንጩ ቢነኩት የሚሞቅ ይመስላል። አብራት የመጣችው የሟች እህት፣ "ወንድምዬ፣ ሊናገር ነው እኮ" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሚስትየው ግን ፊቷን ከሸራው መለሰች።

"አሁን ደግሞ ምኑ ጎደለ፣ እትዬ?" አላት ሠዓሊው በደከመ ድምፅ።

"ምንም አልጎደለም። እሱ ራሱ ነው።"

"ታዲያ?"

ሚስትየው፣ የባሏ እህት እንባዋን ልትጠርግ ወደ ደጅ እስክትወጣ ጠበቀች።

"የደብራችንን ግድግዳ የሳልከው አንተ አይደለህም?"

"ነኝ።"

"እዚያ ጻድቃኑን በሁለት ዓይን፣ ይሁዳን ግን ወደ ጎን አዙረህ፣ አንድ ዓይኑን ብቻ ነው የሳልከው" አለችው ቀስ ብላ። "ይሄንንም እንደሱ አድርግልኝ።"

ሠዓሊው ሸራውን ትንሽ አየው። ከዚያ ጨርቅ ተርፔንታይን ውስጥ ነከረና የሟቹን ግራ ዓይን መጥረግ ጀመረ።