ማን ይጀምር?

የራግቢ ቡድኑ ካፒቴን ኢሊኤሳ የሲንጋቶካን የአሸዋ ኮረብታ እንደ ልማዱ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። አሰልጣኟ ሜሬዋይ በሰደርያው ጀርባ የተሰካው የድካም መለኪያ መሣሪያ የላከላትን ቁጥር ከስልኳ አይታ ፊቷ ቅጭም አለ።

"ሰሞኑን ልምምድ አብዝተሃል። ለቅዳሜው የፍጻሜ ጨዋታ ብታርፍ ይሻላል።"

"እህት ዓለም፣ ይሄ ዕቃሽ የእኔን ጉልበት የት ያውቀዋል?" አላት። ተጫዋቾቹ ሳቁ። እሷ አልተከራከረችውም። "እንግዲህ አንተው ታውቃለህ" አለችው።

ከዚያ ላባቸው ሳይደርቅ ተቃቅፈው ክብ ሠሩ። እነሱ ዘንድ ልምምድ ያለ መዝሙር አያልቅም፤ በዚያ ወፍራም ድምፁ የሚጀምረውም ኢሊኤሳ ነው። ጀመረ። ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ሳይወጣ ትንፋሽ አጠረው። ሌሎቹ ቶሎ ተቀብለው ስለ ሸፈኑት ማንም ልብ አላለም። ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ መጨረስ ይችል ነበር።

እሱ ግን እጁን አንሥቶ መዝሙሩን አስቆመ። ዓመቱን ሙሉ የእሱ ተጠባባቂ ሆኖ የከረመውን ሴሚን ክንዱን ይዞ ራሱ በነበረበት ቦታ አቆመው።

"በል አንተ ጀምር።"

"መዝሙሩን?" አለ ሴሚ ግራ ገብቶት።

ኢሊኤሳ ሰደርያውን አውልቆ ለሜሬዋይ አቀበላት።

"ጨዋታውንም" አለ።