ክዳኑ የማይነቀል ጣሳ

«ክፈተው!» አለ ሻምበሉ።

ጋሽ ሶርሳ ተንበርክከው የታችኛውን ጣሳ ክዳን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሦስቱ ጣሳዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ከባዶ የዘይት ጣሳ፣ በአሥራ አንድ ቀን፣ እዚሁ ጂንካ፣ እስር ቤት ካደረጉት አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ። የላይኛው ጣሳ ቂጥ የታችኛው ክዳን ላይ ጥርቅም ብሎ ይቀመጣል። ክዳኑ ከጣሳው ጋር በማጠፊያ ስለተያያዘ ተነቅሎ አይወጣም። በጎናቸው ባሉት ቀለበቶች ውስጥ አንድ የብረት ዘንግ ያልፍና አናቱ ላይ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው ሻምበሉ ኪስ ውስጥ ነው።

ሽማግሌው ጎተቱ። ጣቶቻቸው አዳለጧቸው። እንደገና ጎተቱ፤ ክዳኑ ፍንክች አላለም።

ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ የገዛ እጄ ሥራ ነው። እርሳሱን አቅልጬ የበየድኩት፣ ማጠፊያውን ከወፍራም ሽቦ የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ዓይኔ ጋሽ ሶርሳ ክንድ ላይ አረፈና ደስታው ከውስጤ ወጥቶ ጠፋ። ክንድ አልነበረም፤ አጥንት ነበር።

«አየህ ዶላሞ፣» አለኝ ሻምበሉ እየሳቀ። «ጆንያ ውስጥ እያለ በየቀኑ ይጎድል ነበር። ይኸው ጣሳ ውስጥ ከገባ አራት ቀኑ፤ አንድ ጭብጥ እንኳ አልጎደለም!»

የሚያወራው ስለ ውሾቹ ምግብ ነው። ከአዲስ አበባ ይዟቸው የመጣ ሁለት ትልልቅ ውሾች አሉት፤ ከሰው ይልቅ እነሱን ይወዳል። የተቆላ በቆሎ፣ የደረቀ ሳንባና የተደቆሰ አጥንት ተቀላቅሎ ይቀመጥላቸዋል። ሌባው ማን እንደሆነ ሻምበሉ አላወቀም። እኔ አውቃለሁ። የውሾቹን ቤት የሚጠርጉት ጋሽ ሶርሳ ናቸው።

እዚህ ለእስረኛ ቀለብ የለም። ሰው የሚበላው ከቤቱ የመጣለትን ነው። የጋሽ ሶርሳ ልጆች የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ነው የሚኖሩት፤ መታሰራቸውን ይስሙ አይስሙ እንጃ። የእኔ ሚስት ቦሼ ግን በየቀኑ ጎደሬና ጎመን ታመጣለች፤ ለሁለት ሰው አስባ።

ጋሽ ሶርሳ አይቀምሱትም። እሳቸው የአሪ ገበሬ ናቸው፤ እኛ ደግሞ ማናዎች፣ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነን። የአሪ ገበሬ ማጭዳችንን ይገዛል፣ በድስታችን ይቀቅላል፣ ከቤታችን የወጣ እህል ግን አፉ አይገባም። አብዮቱ ይህ ነገር ቀርቷል ብሎ አወጀ። ቤተ ክርስቲያናችንም ሁላችሁም በጌታ አንድ ናችሁ ብላ አስተማረች። ጋሽ ሶርሳ ሁለቱንም ሰምተዋል። የታሰርነው እንኳ በአንድ ጉዳይ ነው፤ መንግሥት ያሸገውን ጸሎት ቤት ቁልፍ የከፈትኩት እኔ፣ ገብተው የጸለዩት እሳቸው። ከሻምበሉ ውሾች ሰርቀው ይበላሉ፣ ከእኔ ግን አይበሉም።

ሻምበሉ ጣሳውን አሳምረህ ከሠራህልኝ ትፈታለህ ሲለኝ አሰብኩበት። ማጠፊያውን አላልቼ ለአንድ እጅ የሚበቃ ክፍተት መተው እችል ነበር። አልተውኩም። የውሾቹ ምግብ ከተዘጋባቸው ርሃቡ ያሸንፋቸዋል፣ ያኔ የቦሼን ይበላሉ ብዬ አጥብቄ ሠራሁት። እነሆ አራት ቀን ሙሉ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሱም።

«በል ልብስህን ሰብስብ፣ ተፈተሃል» አለኝ ሻምበሉ።

«ጓድ ሻምበል፣ የመካከለኛው ጣሳ ማጠፊያ ላይ ስህተት አለ። አንድ ቀን ልቆይና ላስተካክለው።»

«ምን ስህተት አለበት? ፊቴ አስሞክሬው? ውጣ ስልህ ውጣ!»

ዘበኛው ለማ የቆርቆሮ መቀሱንና መዶሻውን ተቀበለኝ።

ጋሽ ሶርሳ ግድግዳው ሥር ተመልሰው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የዛሬውን ጎደሬ ፈታሁ። ገና ትኩስ ነበር።

«ጋሽ ሶርሳ፣ በጌታ ስም እለምንዎታለሁ። አንዴ ብቻ ይቅመሱ። ማንም አያይም።»

«እኔ አያለሁ» አሉ።

«ክዳኑን ሆን ብዬ ነው ያጠበቅኩት። ከእኔ እንዲበሉ ብዬ ነው።» እንባዬ መጣ፤ ልደብቀውም አልሞከርኩም።

«አውቃለሁ። ገና ስትሠራው ነው የገባኝ። ክፋት የለብህም፣ ልጄ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አባቴ ያልበላውን፣ አያቴ ያልበላውን... አፌ እንቢ ይለኛል። እኔ መቼ እንቢ አልኩህ?»

«የውሻ ምግብ ሲሆንስ እንቢ አላለም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሽማግሌ ላይ ስጮህ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ጎደሬውን አየት አደረጉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምራቃቸውን ሲውጡ ግን አየሁ።

«ዶላሞ! በሩ ይዘጋል!» አለ ለማ።

ተነሳሁ። ጋሽ ሶርሳ በእጃቸው ጠሩኝና «ዝቅ በል፣ ልጸልይልህ» አሉኝ። ፊታቸው ተንበረከክሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ስለ መፈታቴ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፣ ቦሼን በስሟ ጠርተው ባረኩ፣ የእጄን ሥራ ባረኩ። በየመሀሉ አሜን እላለሁ። ጸሎታቸው ረዘመ፣ ድምፃቸውም እየሳሳ ሄደ። እጃቸው አሁንም ራሴ ላይ እንዳለ የማውቀው በሙቀቱ ብቻ ነበር፤ ክብደት አልነበረውም።