የስለት መጋረጃ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሳይዘንብ አለፈ። ከብቱ አለቀ፤ ሰውም ለዘር ያስቀመጠውን እህል በላ። የአገሩ ሹም ባላምባራሱ ያን ጊዜ «ሚካኤል ሆይ፣ ዝናብ ብትሰጠን ለመቅደስህ መጋረጃ አስገባለሁ» ብለው ተሳሉ። በበልጉ ዘነበ። መጋረጃው ግን ቀረ።

የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ መምሬ አየልኝ ባገኟቸው ቁጥር «ጌታው፣ የሚካኤል መጋረጃስ?» ይላሉ።

«ለሚካኤል ተራ ጨርቅ ላስገባ እንዴ? ደህናው እስኪገኝ ነው።»

ዘመን አለፈ። አሮጌው መጋረጃ ተተልትሎ መቅደሱ ሊታይ ደረሰ። ባላምባራሱም ታመሙና ስለታቸውን ሳይከፍሉ መሞትን ፈሩ። አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወላቸው የገበታ ልብስ ነበራቸው፤ ነጭ፣ እንደ ሐር የሚያበራ። እሱን አውጥተው «ከኢየሩሳሌም ያስመጣሁት ነው» ብለው አስገቡ።

በበዓሉ ጠዋት ተሰቀለ። ሕዝቡ ተደነቀ። በላዩ ነጭ በነጭ የተሸመነ ሥዕል ነበረበት፤ ብርሃን በጎን ካልመታው ግን አይታይም። የምሥራቁ በር ሲከፈት ፀሐይ መታው፤ ውሾች ጥርሱ የወጣ አውሬ ሲያባርሩ በጨርቁ ላይ ታየ።

«ከርከሮ!» አለች አንዲት ሴት።

ገበዙ ዞር አሉ። «ባላምባራስ፣ ከርከሮ ነው እንዴ ያስገቡልን?»

«ምን ከርከሮ! እሪያ ነው እንጂ። ጌታ አጋንንቱን የሰደደበት፣ በወንጌል ያለው።»

«ውሾቹስ?»

«ወደ ባሕር የሚነዱት ናቸዋ!»

ገበዙ አሮጌውን ቡትቶ አዩ፤ አዲሱን አዩ። «ስለቱ ገብቷል፤ እልል በሉ!» አሉ።

ሕዝቡ እልል እያለ ቀረበና ከርከሮውን ተሳለመ።