የውሃ ቀን

«የቸኮለ…» እላለሁ ጠመኔዬን እያወዛወዝኩ።

«አፍሶ ለቀመ!» ይላሉ ስልሳ ሁለት አፎች በአንዴ።

በዚህ መሃል ስልኬ ጋወኔ ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ክፍል ውስጥ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። ይህን ደንብ ያስፈረሙን ርዕሰ መምህሩ፣ አቶ ፍሰሃጽዮን፣ ዛሬ አስተማሪነቴን ሊገመግሙ ቅጻቸውን ይዘው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። አከራዬ አደይ ለተመድህን ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንዲያው በከንቱ ካርድ አያቃጥሉም። ወደ በሩ ጠጋ ብዬ አነሳለሁ።

«ኡሙሀኒ ጓለይ፣ ልጄ፣ ማይ መጺኡ! ውሃ መጣ! ከጎረቤትሽ ከመሓሪ ቀጥሎ ተራው የአንቺ ነው። የሚቀዳ ሰው ከሌለ ያልፍሻል። እኔ እንደሆነ ወገቤን ታውቂዋለሽ።»

ውሃ! በአስራ ዘጠኝ ቀኑ። እኛ ሰፈር ውሃ መጣ ከተባለ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንኳ ተነስቶ ጀሪካን ይፈልጋል። ግቢው ውስጥ ያለችው ቧንቧ አንዲት ናት፣ ተከራዩ ስድስት። ተራው ሲደርስ ያልተገኘ ሰው፣ ውሃው እንደገና እስኪመጣ ድረስ የሰው በር ሲያንኳኳ ይከርማል።

ቤት ያለው ኢክሪማ ነው። ስምንት ዓመቱ ነው። ትምህርቱ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እህቱን ረምላን እሱ ይጠብቃል። ሠራተኛዋ ለሳምንት ብላ አገሯ ከገባች ወር አልፏታል፤ አባታቸው ሸረፈዲን ሸቀጥ ይዞ አዲግራት ነው። እኔ ደግሞ የራሴን ሁለት ልጆች ለራሳቸው ትቼ የሰው ስልሳ ሁለት እጠብቃለሁ። ይህን ለጓደኞቼ እየሳቅኩ ነበር የማወራው።

ቤት ወደምተውላቸው ስልክ እደውላለሁ።

«ኢክሪማ፣ ውሃ መጥቷል። ጀሪካኖቹንም ሳፋውንም አውጣና ቧንቧው ጋ ሂድ። በርሜሉንም ጨምረህ ሁሉንም ሙላ። ትችላለህ አይደል?»

«እችላለሁ እማየ፣ አብሽሪ!»

ደስ ብሎት ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ዘጋሁና ወደ ሰሌዳው ተመለስኩ። አቶ ፍሰሃጽዮን አንገታቸውን ደፍተው አንድ ነገር ይጽፋሉ። ይጻፉ፤ በርሜሌ ሊሞላ ነው።

«ራሄል፣ አንድ ተረት ከራስሽ።»

ራሄል ትነሳለች። ቀሚሷን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ትላለች።

ክፍሉ ያጨበጭባል። የእኔ እጅ ግን ሰሌዳው ላይ ደርቆ ይቀራል። ረምላ! ዓመት ከአምስት ወሯ ነው፤ ውሃ ካየች ማንም አይመልሳት፣ እየሳቀች በጭንቅላቷ ነው የምትገባው። ልጁን ውሃ ቅዳ ብዬ ላክሁት፤ እህትህስ አላልኩም። የአንዲት ሕፃን እናት ሆኜ፣ ሳፋ ሙላ ብዬ ሳዝዝ ስሟን እንኳ አልጠራሁም።

እደውላለሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና እደውላለሁ፤ አሁንም አይነሳም። አደይ ለተመድህን ጋ እደውላለሁ። ቧንቧው ጋ በዚያ ሁካታ ማን ስልክ ይሰማል? ተማሪዎቹ ጭብጨባውን ትተው ያዩኛል።

«መምህርት፣ እንታይ ኮይንኪ? ምን ሆንሽ?» አቶ ፍሰሃጽዮን አጠገቤ ደርሰዋል።

«ልጄ… ሳፋው… ስሟን አልጠራሁም…»

ምን እንደገባቸው አላውቅም። ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ። «ሂጂ። ክፍሉን እኔ እይዘዋለሁ። አጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ።»

እሮጣለሁ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ግን እቆማለሁ። ከዚህ ከቀዳማይ ወያነ እስከ ሰፈራችን እንዳ ኢየሱስ ዳገቱ በእግር አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ባጃጆቹ ሰው እየጫኑ ያልፉኛል። እጄን እዘረጋለሁ፣ ማንም አይቆምም። አርባ ደቂቃ ብሮጥ የምደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ያ ረቢ፣ በርሜሉም ይቅር፣ ውሃውም ይቅር፣ ቧንቧውን አሁኑኑ አድርቅልኝ እላለሁ። አስራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲመጣ ስለምን የነበርኩ ሴት።

ስልኩ ይጠራል። ኢክሪማ ነው።

«እማየ፣ ደውለሽ ነበር? እጄ ርጥብ ስለነበር ነው።»

«ረምላ የት አለች? ረምላን አሰማኝ!»

«ተኝታለች።»

«የት? የት ነው የተኛችው?»

«ጀርባዬ ላይ። ሳፋው ውስጥ እየገባች ስታስቸግረኝ በሻርፕሽ አዘልኳት። ጎንበስ ስል እንዳትወድቅ ሦስቴ ቋጠርኩት።»

የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ወዲያው የልጄን ትንፋሽ እሰማለሁ። ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ቁመቱ ወገቤ ድረስ ነው። ጀርባው ላይ እህቱ፣ በሁለት እጁ ጀሪካን።

«በቃ የኔ ጌታ፣ ውሃው ይቅር። አውርዳትና ቁጭ በል።»

«ላወርዳት ሞክሬ ነበር። ሻርፑ ረጥቦ ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። ስትመጪ አንቺ ትፈቺዋለሽ።»

«አደይ ለተመድህን ይፍቱልህ፣ ጥራቸው! ኢክሪማ፣ ስማኝ…»

«እማየ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ይለኛል፤ ሁልጊዜ እኔ በምለው ድምፅ። «በኋላ እደውልልሻለሁ።»

ስልኩን ዘጋው።