ነጭ፣ ክሬም፣ ግራጫ

ማሽኑ ነጩን የሸሚዝ ቁልፍ ክሬሙ ጣሳ ውስጥ ጣለው። ከጠዋት ጀምሮ ይህ አሥራ ሰባተኛው ስህተት ነው።

ልጅቷ ላፕቶፑን በቡጢ ልትለው ቃጣትና ተወችው። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ይመጣል። ቃሉ አጭር ነበር፦ «መቶ ቁልፍ ያለ ስህተት ከለየ፣ ከነገ ጀምሮ የፋብሪካው መሐንዲስ ነሽ። ካልለየ ዕቃሽን ሰብስቢ።» ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እስከዛሬ እዚህ ድረስ ያስጠጋት መሥሪያ ቤት የለም።

ማሽኑ ራሱ የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። አንደኛው ሞተር ክብ ሳህኑን ጥቂት በጥቂት እያዞረ አንዲት ቁልፍ ከቀለም ሴንሰሩ ሥር ያቆማል። ሴንሰሩ ያየውን በቁጥር ለማይክሮኮንትሮለሩ፣ ለማሽኑ ትንሽ አንጎል፣ ይነግራል። ማይክሮኮንትሮለሩ ደግሞ ሁለተኛውን ሞተር አዝዞ ቁልፏን የሚያወርደውን አሸንዳ ወደ ነጭ፣ ወደ ክሬም ወይም ወደ ግራጫው ጣሳ ያዞራል። እቤቷ፣ በአልጋዋና በቁም ሳጥኑ መሃል ባለችው ጨለም ያለች ጥግ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም አልሳተም ነበር።

«ደገመው፣ አይደል?» አለች አክስቷ ከጀርባዋ።

«እቴቴ፣ እባክሽ አሁን ዝም በይ።»

«ዝም ብዬ እኮ ነው የምናገረው።»

አክስቷ በዚህች ጠባብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ለይታለች። ሠራተኛው ሁሉ «ዓይናማዋ» ነው የሚላት። እሷ ዘንድ ሳያንኳኳ የሚገባ የለም፤ በሩ ሲከፈት እጇን ከትሪው ላይ አንስታ ትጠብቃለች፣ ሲዘጋ ትቀጥላለች። ልጅቷ ይህን እንደ ኩራት ትቆጥረው ነበር። ዛሬ ደግሞ አክስቷ ከጠዋት ጀምሮ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። ትሪዋ እንደሞላ ነው፤ አንዲት ቁልፍ አልነካችም። አኩርፋ ነው፣ አለች ልጅቷ በልቧ። ታኩርፍ።

ሽቦ ስትበይድ ክፍሉ በጭስ ስለታፈነ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ በጡብ አስደግፋዋለች። በደጅ የጨርቅ ጥቅል የተሸከሙ ሰዎች ይመላለሳሉ። ፀሐይዋም ደመናው ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች።

ጥፋቱ ከሞተሮቹ ነው ብላ ደምድማለች። ሞተር ሲነሳ ኃይል ይሻማል። ለሞተሮቹ የብቻቸው ባትሪ ሰጠቻቸው። ሽቦውን ቀየረች። ብየዳውን አንድ በአንድ በጥፍሯ ተጭና ሞከረች። ከዚያም አንዲት ነጭ ቁልፍ ከሴንሰሩ ሥር አስቀምጣ፣ ሳትነካት ሦስት ጊዜ አስነበበች። 212። 188። 231።

«አንድ ቁልፍ! አንድ! ሦስት ዓይነት ቁጥር ምን ማለት ነው?»

«እሷኑ ጠይቂያት። እኔ ትምህርቱ የለኝም።»

ልጅቷ ዞረችባት። «ደግሞ አንቺም ደስ ሊልሽ ይገባ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አጎንብሰሽ! ይሄ ከሠራ ትገላገያለሽ። ታርፊያለሽ።»

«ደከመኝ ያልኩሽ መቼ ነው?»

በእርግጥም አክስቷ ብላት አታውቅም፤ ልጅቷም ጠይቃት አታውቅም።

«ለአንቺ ብዬ እኮ...»

«ተይ። ለራስሽ ብለሽ ነው። እሱም ነውር የለበትም፤ ሥራ ፈላጊ ነሽ። በእኔ አታመካኚ እንጂ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንዴ የፈታችውን ብሎን መልሳ ፈታችው፣ መልሳም አጠበቀችው። ከግቢው ማዶ የሥራ አስኪያጁ ሳቅ ተሰማ። ሰውዬው ሰዓት አያዛንፍም፤ ዛሬ ጭራሽ ቀደም ብሎ ነው የመጣው።

መቶዎቹን ቁልፎች ቆጥራ ማሽኑ አፍ ውስጥ ገለበጠቻቸው። ጣቷን ማስነሻው ላይ አደረገች። አልተጫነችውም።

«አላወቅሁትም፣ እቴቴ» አለች። «ምኑ እንደሆነ አላወቅሁትም።»

አክስቷ አየቻት። ከዚያ ወለሉን አየች። ሲሚንቶው ላይ የተነጠፈው የፀሐይ ብርሃን ደብዘዝ አለ፣ ተመልሶ ቦግ አለ። አክስቷ ትሪዋን በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለችው፤ ማታ ማታ ሥራ ስትጨርስ እንደምታደርገው። ሹራቧን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ወዴት ነው?»

«ላርፍ ነዋ።»

የበሩ ደፍ ላይ ቆም አለች። ዞራ አላየችም።

«በይ አስነሺው።»

ልጅቷ ተጫነችው። አክስቷ ጡቡን በእግሯ ገፍታ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ክፍሉ ጨለም አለ። ከጠረጴዛው አምፖል በቀር ብርሃን የለም። ልጅቷ በላፕቶፑ ላይ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ቁጥሮች አየች። 212። 212። 212። አሸንዳው ዞረ፤ ቁልፏ ነጩ ጣሳ ውስጥ ጠብ አለች። ቀጥሎ ክሬም፣ ወደ ክሬም። ግራጫ፣ ወደ ግራጫ። አክስቷ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩ በተከፈተ ቁጥር እጇን ታነሳ የነበረው ለዚህ ነው፤ የሚለዋወጠው የደጅ ብርሃን የቁልፉን ቀለም ያሳስታል። ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ ታውቀው ነበር።

ልጅቷ ተፈናጥራ ተነሳችና የበሩን እጀታ ያዘች።

በውጭ በኩል የአክስቷ ኮቴ ጠጠሩን እየረገጠ ይርቃል። «እ፣ ዓይናማዋ፣ ተሳካላት?» አለ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ።

«ሲገቡ ያንኳኩ» አለች አክስቷ፤ «ከገቡም ይዝጉት።»

ከጀርባዋ ሞተሩ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ሌላ ቁልፍ ያቀርባል። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። ልጅቷ እጀታውን እንደጨበጠች ቆመች። አልሳበችውም።