መላእክት የረሱት ቁልፍ

ዘበኛው ባለሜትሩን ገና ሲያየው አልወደደውም።

ሰውየው በጠዋት መጥቶ ከትንሿ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመ። አላማተበም፣ አልጸለየም። ከቦርሳው ሜትር አወጣና ግድግዳውን ይለካ ጀመር።

"ከየት ነህ ወንድሜ?" አለው ዘበኛው።

"ከወንዙ ማዶ። አናጢ ነኝ ጋሼ፤ የድሮ የእንጨት ሥራ ደስ ይለኛል።"

ዘበኛው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕረፍት አጣ። ከማዶ ሰዎች ጋር ከቅድመ አያት ጀምሮ አይዋደዱም። በምን እንደተጣሉ የሚያስታውስ የለም፤ ጠቡን ግን ማንም አልረሳውም።

በዚያ ላይ የቤተ ክርስቲያኗ ኮሚቴ አስጠንቅቆታል። አምና መቅረዝ ጠፍቶ ነበርና "ከእንግዲህ አንዲት ነገር ብትጎድል ክፍሉን ለቀህ ትወጣለህ" ብለውታል። ክፍሉ ከአጥሩ ጥግ ያለችው ናት፤ እሱም አባቱም የተወለዱት እዚያ ነው። ሌላ መጠጊያ የለውም።

ቢሆንም ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ከተጠየቀ ዝም ማለት አይሆንለትም።

"ማን ሠራት?" አለ ባለሜትሩ።

"መላእክት ናቸዋ! የኛ አባቶች ማታ ሜዳው ባዶ እንደሆነ ተኙ፤ ጠዋት ሲነሡ ቆማ አገኟት። በአንድ ሌሊት!"

"በአንድ ሌሊት?"

"አንዲት ሚስማር የላትም እኮ። እንጨቱ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ነው የቆመው። እሱም ጥድ ነው፤ በዚህ በኛ ወገን ደግሞ ጥድ በቅሎ አያውቅም። ከሰማይ ካልመጣ ከየት ይመጣል?"

ባለሜትሩ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለ። በየግንዱ ጫፍ የተቀረጹትን ጭረቶች በጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። አንዱ ላይ አንድ ጭረት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት። የሰፈሩ ሰው "የመላእክት ጽሕፈት" ይላቸዋል፤ ራሱን ያመመው ግንባሩን ያስነካቸዋል።

"እዚህ ጋ ተዛብቷል" አለ ቆም ብሎ። "ከአራት ቀጥሎ ስድስት ነው የገባው። አምስተኛው ከላይ ነው።"

"አዎ፣ በዚያ በኩል ንፋስ ያስገባል። ብርድ ሲመጣ ጨርቅ እወትፍበታለሁ። ምን ይደረግ፣ መላእክትም ቢሆኑ ጨለማ ነዋ!"

"በሩስ ለምን ወደ ቋጥኙ ዞረ? ሰው በጎኑ ካልሆነ አይገባም።"

"ክንፍ ላለው መንገድ ምኑ ነው?"

በመጨረሻ ባለሜትሩ ከበሩ ፊት በርከክ አለ። በሩ የሚዘጋው በሰንሰለትና በጓጉንቸር ነው። ከሰንሰለቱ በላይ ግን አውራ ጣት የሚያስገባ አሮጌ የቁልፍ ቀዳዳ አለ። ባለሜትሩ ባትሪ አብርቶ ወደ ውስጥ አየ፤ ደጋግሞ አየ።

"የዚህኛው ቁልፍስ?"

"እሱ ኖሮንም አያውቅም። መላእክት ረስተውት ሄዱ እንላለን" ብሎ ዘበኛው ሳቀ።

ባለሜትሩ አልሳቀም። አመስግኖ ወደ ወንዙ ወረደ።

ዘበኛው ምሳው አልወረደለትም። ተነሥቶ ይወጣል፣ ሰንሰለቱን ይነካል፣ ተመልሶ ይቀመጣል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል?" አለች ሚስቱ።

"ሊወስዳት ነው።"

"ምኑን?"

"ቤተ ክርስቲያኗን! እያንዳንዱን ግንድ ቆጠረ፤ የቁልፉን ቀዳዳ ሳይቀር አየ። ሚስማር የላት፣ ምን ይቸግረዋል? እንደ አልጋ ፈትቶ ይሄዳል።"

ሚስቱ የያዘችው ሰሃን ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። "ኧረ ባክህ! ቤተ ክርስቲያን ፈትቶ የሚሰርቅ ሌባ ደግሞ የት አገር ታይቷል?"

በማግሥቱ ባለሜትሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። በዚህ ጊዜ ሜትር አልያዘም። ቦርሳው ውስጥ ግን አንድ ከባድ ነገር ይንኳኳል። ዘበኛው እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ሮጦ ክንዱን ጨበጠው።

"አባ! አባ! ይድረሱልኝ!"

ቄሱ ከውስጥ እየተጣደፉ ወጡ። የዘበኛው ሚስትም እጇን እያደራረቀች መጣች። ዘበኛው ቦርሳውን ገለበጠው። ክንድ የሚያህል የብረት ቁልፍ መሬት ላይ ወደቀ።

"ይኸው! ትናንት ለካ፣ ዛሬ አስቀርጾ መጣ!"

"ይልቀቁኝ ጋሼ፣ አልሸሽም" አለ ባለሜትሩ።

"የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ! ጭራሽ ልቀቁኝ?"

ቄሱ ቁልፉን አነሡት። ወደ በሩ ሄደው አሮጌው ቀዳዳ ውስጥ ከተቱት። ትንሽ አንገራገረ። በሁለት እጃቸው ሲይዙት ዞረ፤ በሩ ውስጥ ማናቸውም ሰምተውት የማያውቁት ብረት ኳ አለ።

"አላልኩም?" አለ ዘበኛው። አባቱ የጠበቃት፣ እሱ የሚጠብቃት፣ ከእጁ ልትወጣ ስትል ደረሰላት። ደስ አለው፤ እንባውም መጣ።

ቄሱ ግን ቁልፉን መልሰው አወጡትና እጀታውን በአውራ ጣታቸው ያሹት ጀመር። ብረቱ ከመያዝ ብዛት ሳስቶ ነበር።

"ይሄ የትናንት ሥራ አይደለም ልጄ" አሉት ባለሜትሩን። "ከየት አመጣኸው?"

"ከአያቴ ቤት ግድግዳ ላይ አውርጄ። እሷም ከአያቷ ነው ያገኘችው።"

"እናንተ ማዶ ምን ቤተ ክርስቲያን አላችሁና?"

"የለንም አባ። የኛ አባቶች ማታ ቆልፈዋት ተኙ፤ ጠዋት ሲነሡ ባዶ ሜዳ አገኙ።"